ሰሙ የደረሰ፣ ወርቁ የቀረ መልእክት

ልጅ ሳለሁ ሥራ ነበረኝ። ደመወዝ የሌለው፣ ኃላፊነት ግን ያለው ሥራ። በሰፈራችን ስልክ የገባለት ቤት አንድ ብቻ ነበር። የዚያ ቤት አጥር ከእኛ አጥር ጋር የተጋጠመ ስለነበር፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሯጩ እኔ ነበርሁ። ከቤይሩት ይደወላል፤ ከጅዳ ይደወላል፤ አልፎ አልፎም ከአሜሪካ። ደዋይዋ ልጅ "እናቴን ጥሩልኝ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መልሼ እደውላለሁ" ትልና ትዘጋለች። ባለስልኳ በአጥሩ ላይ ስሜን ትጠራለች፤ እኔ እሮጣለሁ። በዐሥሩ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ቅያስ አቋርጬ፣ የቆርቆሮ በር ደብድቤ፣ "ስልክ ተደውሎልዎታል!" ብዬ፣ እናትየዋን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኋላዬ ማስከተል ነበረብኝ። ዐሥሩ ደቂቃ ካለፈ የደዋይዋ ካርድ ያልቃል፣ ወይም አሠሪዋ ትመጣባታለች። ቀጣዩ ጥሪ ምናልባት ከወር በኋላ ነው።

አንድ እሑድ ግን ኳስ ሜዳው ዳር ቆምሁ። ግብ ጠባቂ ጎድሏቸው ኖሮ "አንዴ ብቻ ግባልን" አሉኝ፤ ገባሁላቸው። ኋላ ትዝ ብሎኝ ሮጬ እናትየዋን ሳመጣቸው ስልኩ ጮኾ አብቅቷል። ባለስልኳ አንሥታው ኖሯል፤ "ገና አልመጡም" ብላታለች፤ ልጂቱም "እሺ" ብቻ ብላ ዘግታለች። እናትየዋ አልተቆጡኝም። ቁጣቸውን በወደድሁት ነበር። በሩ ላይ እንደቆሙ ባለስልኳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፦ "ድምፅዋ እንዴት ነበር?"

ያን ጊዜ ጥያቄው አልገባኝም። ልጂቱ ምን እንዳለች መጠየቅ ሲገባ ስለ ድምፅዋ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?

ዛሬ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የተላከን ከደረሰ ጋር ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ ስንኝ ለመቋጠር እታገላለሁ። ስለ ጠፈር ማንበብ የጀመርሁትም ለግጥም የሚሆን ምሳሌ ፍለጋ ነበር። ጨረቃና ኮከብ በእኛ ግጥም ውስጥ ከመደጋገማቸው የተነሣ ቢሰለቹኝ ጊዜ ወደ መንኮራኩሮቹ ዞርሁ። እዚያም፣ ሳላስበው፣ የልጅነት ሥራዬን አገኘሁት። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ አስቀድሜ ልናገር።

በሌላ ዓለም ላይ የምታርፍ መንኮራኩር አቅሟ ትንሽ ነው። ትልቅ አንቴና ብትሸከም ክብደቱ ያስቸግራታል፤ ብርቱ ማሰራጫ ቢገጠምላት ባትሪዋ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ብዙውን ነገር የምትናገረው ለምድር ሳይሆን በላይዋ ለምታልፍ ሌላ መንኮራኩር ነው። ዟሪዋ መንኮራኩር ትሰማለች፤ የሰማችውን በማኅደሯ ትመዘግባለች፤ ከዚያም ትልቁን አንቴናዋን ወደ ምድር መልሳ ለእኛ ታቀብላለች። በማርስ ላይ አንዲት ዝቅ ብላ የምትዞር መንኮራኩር ከአራፊዋ አድማስ በላይ የምትቆየው ለዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። ዐሥር ደቂቃ! ይህን ባነበብሁ ጊዜ እግሮቼ ለመሮጥ የተነሡ መሰለኝ።

በዚያች ዐሥር ደቂቃ ማን ቀድሞ እንደሚጣራ፣ ማን እንደሚመልስ፣ በየትኛው ሞገድ፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ ጆሮ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ሁሉ ቀደም ብሎ ምድር ላይ ይጻፋል። ሁለቱ መንኮራኩሮች ስለማይተያዩ የሚገናኙት በጽሑፍ በተሰጣቸው ቀጠሮ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ዓይነቱ ቅብብል ታሪክ በማርስ ላይ የተጀመረው በአጭር ንግግር ነበር። በዲሴምበር 2 ቀን 1971 የሶቪየት ኅብረት ማርስ 3 በሰላም አርፋ ወደ ሀያ ሰከንድ ለሚሆን ጊዜ ለዟሪ ጓደኛዋ ተናገረች፤ ከዚያ ጸጥ። በ1976 የአሜሪካኖቹ ሁለት ቫይኪንጎች እያንዳንዳቸው ዟሪና አራፊ ጥንድ ሆነው ሄዱና ነገሩ ይሠራ ዘንድ እንደሚችል አሳዩ። በ2004 ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ ማርስ ላይ ሲያርፉ ደግሞ የላኩት መረጃ አብዛኛው ክፍል በዟሪዋ ኦዲሴይ በኩል ያለፈ ነበር። ቅብብሉ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ወደ ሥራነት ስለተለወጠው አይደለም፤ አንዴ ብቻ፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ እንዲሆን ስለተቀጠረው ነው።

የሳተርንን ትልቋን ጨረቃ፣ ታይታንን፣ መጀመሪያ ያያት ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ ነው፤ በማርች 25 ቀን 1655። ያየውን ወዲያው አላወጀም። ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈርቶ፣ ለሚጻጻፋቸው ሊቃውንት ከጥንቱ የሮም ባለቅኔ ከኦቪድ የተወሰደ አንድ የላቲን ስንኝና ጥቂት ትርፍ ፊደላት ላከላቸው። ስንኙ እንደተጻፈው ሲነበብ ሩቅ ከዋክብትን ወደ ዐይናችን ስለ ማቅረብ ይናገራል። ፊደላቱ ተበትነው እንደገና ሲደረደሩ ግን፣ ሳተርን በ16 ቀን ከ4 ሰዓት የምትዞረው ጨረቃ እንዳለው የሚናገር ሌላ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ። ይኸው ሰው በቀጣዩ ዓመት ባለ ፔንዱለሙን ሰዓት ፈለሰፈ። ጊዜን በእኩል ምት መቁጠርን ለዓለም ካስተማሩት ቀዳሚው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን የምት ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በስሙ የተሰየመችው መንኮራኩር በኦክቶበር 15 ቀን 1997 ከካሲኒ ጀርባ ላይ ታዝላ ከምድር ተነሣች። ካሲኒ የአሜሪካው የናሳ ዟሪ ስትሆን፣ ሁይገንስ ደግሞ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ያሠራት ወራጅ ነበረች። ዕቅዱ እንዲህ ነበር፦ ሳተርን ጋ ሲደርሱ ሁይገንስ ከካሲኒ ትለያለች፤ የታይታንን ወፍራም አየር በፓራሹት እየቀዘፈች ከሁለት ሰዓት በላይ ትወርዳለች፤ በመንገዷ የለካችውንና ያነሣችውን ሁሉ በላይ ለምታልፈው ካሲኒ ትነግራለች። ካሲኒ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ አንድ ትልቅ አንቴና ነበራት። ታይታንን ለመስማት ፊቷን ከምድር ማዞር ነበረባት። በሌላ አነጋገር፣ ዋናው ነገር በሚፈጸምባት ሰዓት እኛ ከአቀባይዋ አንድም ቃል አንሰማም።

መንኮራኩሮቹ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ በ2000 መጀመሪያ ላይ፣ ቦሪስ ስሜድስ የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ አንድ ነገር አስጨነቀው። ስሜድስ የሚሠራው በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ በሚገኘው የአውሮፓው ድርጅት መቆጣጠሪያ ማዕከል ነበር። የካሲኒ መቀበያ ምድር ላይ ሳለ ሙሉ ልምምድ አልተደረገበትም፤ ሁይገንስ በእውነት በምትናገርበት አኳኋን የተናገረው የለም። ስሜድስ ካሊፎርኒያ ከሚገኘው የጎልድስቶን አንቴና እንደ ሁይገንስ አስመስሎ ወደ ካሲኒ እንዲናገር ፈቃድ ጠየቀ። መሞከሩ አልነበረም ክርክሩ፤ ቀለል ያለ ሙከራ ይበቃል ባዮች ነበሩ። ምልክቱ መሰማቱ ብቻ ከታወቀ ሌላው ምን ያደርጋል? እሱ ግን ሙሉውን፣ መረጃውንም ከነፍጥነቱ ለውጥ ጨምሮ ካልሆነ አላረፈም። በፌብሩዋሪ ወር ተፈቀደለት። ተናገረ። ካሲኒ የሰማችውን መልሳ ስትልክ መረጃው ተበጣጥሶ ትርጉም አልባ ሆኖ ነበር።

ምን ሆነ? አምቡላንስ እየጮኸ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን፣ አልፎን ሲሄድ ደግሞ ወፈር እንደሚል ሁላችንም ሰምተናል። ዶፕለር በተባለ ሰው ስም የሚጠራው ጠባይ ይህ ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ካሲኒ ወራጇን እያዳመጠች ወደ ታይታን በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ትቀርባለችና፣ የሁይገንስ ድምፅ ቀጥኖ ነው የሚደርሳት። መሐንዲሶቹ ይህን አልዘነጉም፤ መቀበያው የቀጠነውን ሞገድ ተከትሎ እንዲይዝ አድርገውታል። የዘነጉት ሌላ ነው። ድምፁ ሲቀጥን ንግግሩም ይፈጥናል። ሁይገንስ በእያንዳንዱ ሰከንድ 8 ሺህ ገደማ ምት፣ ማለትም ዜሮና አንድ፣ ትልክ ነበር። እነዚያ ምቶች ለካሲኒ የሚደርሷት ትንሽ ተጠጋግተው ነው። ልዩነቱ በሰከንድ የአንዲት ምት ቁራሽ እንኳን የማይሞላ ቢሆንም፣ የመቀበያው ቆጣሪ ያችን የምታህል ልዩነት አይታገሥም፤ ከምቱ ይወጣና መቁጠሩ ይፈርሳል። ለእኛ ለግጥም ሰዎች ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ዜማውን አስልተው ምቱን ረሱት። ያውም የፔንዱለሙን ሰዓት በፈለሰፈው ሰው ስም በተሰየመች መንኮራኩር!

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባላል። የካሲኒ ጆሮ የሆነው የቆጣሪው ልክ ከመቀበያው ጋር ተጋግሮ የተሠራ ስለነበር፣ ከምድር በሚላክ ትእዛዝ የሚለወጥ አልነበረም። ጆሮውን መለወጥ ካልተቻለ ምን ይለወጥ? በ2001 ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተውጣጣ ቡድን ተሰብስቦ ያገኘው መልስ፣ እኔ በሥራዬ ካየኋቸው የማስታረቅ ዘዴዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። መንገዱን ለወጡት። ካሲኒ ታይታንን በ1,200 ኪሎ ሜትር ተጠግታ እንድታልፍ ታስቦ የነበረው ቀርቶ፣ በ60 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት በጎን እንድታልፍ ተደረገ። በጎን የሚያልፍ አይቀርብም፣ አይርቅም፤ ስለዚህ ምቱ አይጠጋጋም። ለዚህ ነዳጅ ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ የሳተርን ዙሮች እንደገና ተሰሉ፤ በኖቬምበር 2004 ሊሆን የነበረው ውረድ ወደ ጃንዋሪ 2005 ተዛወረ። እንዲሁም ሁይገንስ ከመውረዷ በፊት ቀደም ብላ እንድትነቃና ገላዋ እንዲሞቅ ተወሰነ፤ ሲሞቅ የምት ቆጣሪዋ በጥቂቱ ዘግየት ይላልና። ራቅ ብሎ መቆም አንዳንዴ ለመስማት ይረዳል ማለት ነው፤ ይህን ከባልና ሚስት ሽማግሌዎች ሰምቼው ነበር፣ ከመሐንዲሶች እሰማለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ካሲኒ ገና በመንገድ ላይ ሳለች፣ ማርስ ላይ ሌላ ቀጠሮ ፈረሰ። ቢግል 2 የተባለችው ትንሽ የብሪታንያ መንኮራኩር በዲሴምበር 25 ቀን 2003 ማረፍ ነበረባት። ያሳደጋት ፕሮፌሰር ኮሊን ፒሊንጀር ነበር። የመጀመሪያ ጥሪዋ ብለር የተባለው የእንግሊዝ ሙዚቃ ቡድን የሠራው አጭር ዜማ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ኦዲሴይ በላይዋ እያለፈች አዳመጠች፤ ምንም የለም። በእንግሊዝ አገር የጆድረል ባንክ ትልቁ ቴሌስኮፕ አዳመጠ፤ ምንም የለም። ያመጣቻት ማርስ ኤክስፕረስ ራሷ በጃንዋሪ ተመልሳ አዳመጠች፤ ምንም የለም። ተከስክሳለች ተብሎ ተደመደመ። ፒሊንጀር በሜይ 2014 አረፈ። በጃንዋሪ 2015 በአንዲት የአሜሪካ ዟሪ የተነሡ ፎቶግራፎች ቢግል 2ን አሳዩ፤ አልተከሰከሰችም። በሰላም አርፋ፣ እንደ አበባ ቅጠል የሚከፈቱትን የፀሐይ ሰሌዳዎቿን መዘርጋት ጀምራ ኖሯል። ሁሉም ግን አልተዘረጉም፤ አንቴናዋ ደግሞ የነበረው የመጨረሻው ሰሌዳ ከተነሣ ብቻ ከሚገለጥበት ቦታ ነው። አፏ ላይ እጇ እንደተጫነ ቀረች። በዚህ ላይ ግጥም ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እውነቱ ከእኔ ስንኝ ይበልጥብኛል።

ወደ ታይታን እንመለስ። ቢግል 2 ዝም ባለች ልክ በዓመቱ፣ በዲሴምበር 25 ቀን 2004፣ ሁይገንስ ከካሲኒ ተለየች። ሀያ ቀን ብቻዋን በዝምታ ተጓዘች። በጃንዋሪ 14 ቀን 2005፣ በእኛ ጥር 6 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አርብ ዕለት፣ ወደ ታይታን አየር ገባች።

ሁይገንስ የምትናገረው በሁለት መስመር ነበር፤ መስመር ሀ እና መስመር ለ እንበላቸው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርሳል በሚል በሁለቱም መስመር ያንኑ ይልካሉ። ካሜራው ግን ብዙ ፎቶግራፍ ለመላክ ሲል ሥዕሎቹን ለሁለቱ መስመሮች አካፈላቸው። የነፋሱን ፍጥነት የሚለካው ሙከራ ደግሞ በመስመር ሀ ላይ ብቻ ተመሠረተ። በኃላፊነት የያዘው የቦን ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል በርድ ነበር። ካሲኒ በዚያ ዕለት ምን ምን እንደምታደርግ የሚዘረዝር የትእዛዝ ዝርዝር ቀድሞ ተልኮላታል። በዝርዝሩ ውስጥ ለመስመር ሀ መቀበያ የግድ የሚያስፈልገውን ክፍል አብሪ የሚል አንድ ትእዛዝ ጎድሎ ነበር።

አንድ መስመር ጽሑፍ። አምስት ዓመት ሙሉ የምቱን ጉዳይ ሲያጠኑ፣ መንገድ ሲለውጡ፣ ሰዓት ሲያሞቁ የኖሩ ሰዎች ዝርዝር ነው ይኸው። ስሕተቱ የራሱ መሆኑን የአውሮፓው ድርጅት አልደበቀም። እኔ በሰዎቹ ላይ መፍረድ አልሆነልኝም። በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይታያል፤ ዐይን ይወጋል፤ ሁለተኛው ፈራሚ ባያየው ሦስተኛው ያየዋል። ያልተጻፈ ቁጥር ግን ምን መልክ አለውና ይታያል? ባዶ ቦታ እንኳን አይተውም፤ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች ተጠጋግተው ይሸፍኑታል። ምሽት ላይ ሒሳብ አልዘጋ ብሎኝ ያመሸሁባቸው ቀናት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ።

ካሲኒ እንግዲህ በአንድ ጆሮዋ ብቻ ሰማች። በመስመር ለ የመጣው ሁሉ ጥርት ብሎ ደረሰ፤ ምቱ አልፈረሰም፤ የስሜድስ ጭንቀትና የእነዚያ ሰዎች ድካም ፍሬ አፈራ። 350 ገደማ ፎቶግራፎች መጡ። የውሃ መውረጃ የመሰሉ ጥቁር ሸለቆዎች ታዩ፤ ከውሃ በረዶ የተሠሩ ድቡልቡል ጠጠሮች ታዩ። በመስመር ሀ የተላኩት የዚያኑ ያህል ፎቶግራፎች ግን ለዘለዓለም ጠፍተዋል። ሁይገንስ አንሥታቸዋለች፣ ልካቸዋለች፤ የተቀበላቸው የለም። የነፋሱም ልኬት አብሮ ሄደ። በርድ ለዓመታት የጠበቀው ቀን መጥቶ በመዝገቡ ላይ የገባለት ዜሮ ነበር።

አሁን ስለ ሰምና ወርቅ ላንሣ። ሬዲዮ ሲነገር ሁለት ነገር አብሮ ይጓዛል። አንዱ ተሸካሚው ሞገድ ነው፤ ወጥ የሆነ፣ ምንም የማይል፣ የሚዘልቅ ድምፅ። ሌላው በዚያ ላይ የተቀረጸው መረጃ ነው። ሰሙ ተሸካሚው ነው፤ ወርቁ መረጃው። ሁይገንስ የምትናገረው እንደ አንድ ትንሽ የቤት አምፖል ባለ ኃይል፣ በ10 ዋት ገደማ ነበር። ከእኛ የነበራት ርቀት 1.2 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ድምፅዋ በብርሃን ፍጥነት እየበረረ እዚህ ለመድረስ 67 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከዚያ ርቀት ወርቁን መልቀም ለማንም አይቻልም። ሰሙን ግን ትልቅ ጆሮ ያለው ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ለተጨማሪ ልኬት ተብሎ የዓለም ቴሌስኮፖች በዚያ ቀን ወደ ሳተርን ዞረው ነበር። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያው ባለ 100 ሜትሩ ግሪን ባንክ ቀድሞ ሰማት። ምንም አላለችም፤ አለች ግን። ማሰራጫዋ የሚበራው ፓራሹቷ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ፣ ያ ባዶ ድምፅ መሰማቱ ብቻ በዳርምሽታት ለሚጠባበቁት የሚያስፈልጋቸውን የመጀመሪያ ወሬ ነገራቸው፤ በሕይወት አለች።

ከዚህም በላይ ነገራቸው። ነፋሱ ሁይገንስን ወደ ጎን ሲገፋት ወደ ምድር የምትቀርብበት ወይም የምትርቅበት ፍጥነት ይለወጣል፤ በዚያው መጠን ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። ያው ዶፕለር ነው። በ2000 ዓመተ ምሕረቱ ሙከራ ቃሏን ሊያጠፋው የነበረው ያ ጠባይ፣ በ2005 ቃሏ ሲጠፋ የነፋሱን ታሪክ ይዞ መጣ። ግሪን ባንክና የአውስትራሊያው ባለ 64 ሜትር ፓርክስ ተራ በተራ የመዘገቡትን ያን ወጥ ድምፅ በርድና ባልደረቦቹ ለወራት መረመሩት። ከምድር በላይ እንደምንለው ከታይታን በላይ በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በሰዓት 430 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ነፋሱ የሚሰክንበት እንግዳ ንብርብር፣ ወደ ገጹ ሲቃረብ ደግሞ የሰው እርምጃ የማይበልጥ ለስላሳ አየር፤ ይህ ሁሉ ከሰሙ ወጣ። ውጤቱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ፎቶግራፎቹ ግን አልተመለሱም።

እነዚህን ገጾች ያነበብሁት አንድ ሌሊት ነበር። መጽሐፉን አስቀምጬ ረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ባለስልኳ ለእናትየዋ የሰጠቻቸው መልስ ትዝ አለኝ፦ "ድምፅዋ ደህና ነው፤ ጉንፋን ብጤ ይዟታል፤ ግን አልቸኮለችም፤ ተረጋግታለች።" እናትየዋ ይህን ሰምተው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከእኔ ጋር እየተጫወቱ ነበር። ልጂቱ የተናገረችው "እሺ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ መሆኗን እያወቅሁ፣ ምን አግኝተው እንደተደሰቱ ግራ ገብቶኝ ተከተልኋቸው። ጥፋቴ ያን ዕለት አልተነሣም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የኳስ ሜዳውን ቅያስ ትቼ በረጅሙ መንገድ ነበር የምሮጠው።

ሁይገንስ መሬት ነካች። አትተርፍም ያሉ ነበሩ፤ ተረፈች። ብርዱ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ነው። ሰማዩ ብርቱካንማ ነው። ካሲኒ ካረፈችም በኋላ ለ72 ደቂቃ ያህል አዳመጠቻት፤ ከዚያ ከታይታን አድማስ በታች ጠለቀች፤ ፊቷንም ወደ ምድር መልሳ የሰማችውን ማቀበል ጀመረች። ወራጇ ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ምድር ላይ ቴሌስኮፖቹ ያን ምንም የማይል ድምፅ አሁንም ይሰሙ ነበር፤ ካሲኒ ከጠለቀች በኋላም ቢሆን። ካሜራዋ ከፊቷ ያሉትን እነዚያኑ የበረዶ ጠጠሮች ደጋግማ እያነሣች፣ ሥዕሎቹን ለሁለቱ መስመሮች እያካፈለች፣ ባትሪዋ እስኪያልቅ ድረስ መላኳን ቀጠለች።